በለቅሶ ቤት ከግድግዳ ያወረድኩት ሥዕል

ይድረስ ለተወደድሽው ታላቅ እህቴ ለእትዬ ሂልዳ፤

ከሰላምታም በፊት በከባድ የኃላፊነት ስሜት የማሳውቅሽ ጉዳይ አለ። የብራክስተን የጥንት ሕትመት ሰብሳቢዎች ማኅበር ትናንት ባደረገው አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ከእንግዲህ በስብሰባ ጠረጴዛ ዙሪያ ብስኩት መብላት ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን በድምፅ ብልጫ ወስኗል። ውሳኔው የተላለፈው የቅድመ አያታችን እኩያ በሆነ የካቴድራል ሥዕል ኅዳግ ላይ የዝንጅብል ብስኩት ፍርፋሪ ተለጥፎ በመገኘቱ ነው። ገንዘብ ያዣችን ሚስተር ቲብስ ተቃውሞውን ለታሪክ ለማስመዝገብ ኮቱን አንሥቶ ወጥቷል፤ ውጭ ዝናብ ስለነበረም ተመልሶ ገብቶ ተቀምጧል። ሊቀ መንበሩ፣ ማለት እኔ ወንድምሽ፣ ሁኔታውን በጽናት መርቻለሁ።

ይህን ካልኩ ዘንዳ፣ ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ሲያዩት የሚያኮርፈው ጉልበትሽ አሁን እሺ ይልሻል ወይ? እኛ ብርዱ ሊለቀን ነው ስንል እናንተ ልትቀበሉት ነውና፣ ማገዶ አስገብታችኋል ወይ? ባለቤትሽ ኬኔትስ ሳሉ ተወው? የኬኔት እናት አሁንም ሬዲዮኑን ትሰድባለች? ልጆችሽ ጄፍሪና ቤሪል ደህና ናቸው? እኔ በአካል በጣም ደህና ነኝ። የምግብ ፍላጎቴ እንደ ድሮው ነው፣ እንቅልፌም ክፉ አይደለም። ችግሩ ያለው ፊቴ ላይ ነው። ይዤው የምወጣበት ድፍረት አጥቼ፣ ዳቦ ቤት እንኳ የምሄደው ሰው ሳይበዛ ነው።

እህት ዓለም፣ ከብስኩቱ የጀመርኩት ከዋናው ነገር ለመሸሽ መሆኑን አንቺ ሳታውቂው አትቀሪም። ልጅ ሆኜ መስኮት ስሰብር ለእናታችን መጀመሪያ የማበስራት ድመቷ መውለዷን ነበር። አሁን ግን ድመትም የለኝ፣ ጊዜም የለኝ። የክሌመንት ሚስት ሜቪስ እንደምትጽፍልሽ ነግራኛለች፤ ምናልባትም ጽፋለች። የኔ ወሬ ከሷ ወሬ ቀድሞ ታዝማኒያ እንዲደርስ በአውሮፕላን የሚሄደውን ፖስታ መርጫለሁ። ሁለቱ አንድ ቀን ከደረሱሽም እባክሽ የኔን አስቀድመሽ ክፈቺ። ከሷ የምለየው በደሉን በማሳነስ አይደለም፤ ትንሽ በማስረዘም ብቻ ነው።

የልጅነት ጓደኛሽን ክሌመንትን የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ ቀበርነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። የድሮ ሠፈራችን ሰዎች፣ ብስክሌት የሠራላቸው ሁሉ፣ አንድም የቀረ የለም። አበባሽን በስምሽ አስቀምጫለሁ፤ እንዳልሽው ቢጫ ነው። ይህን ያህሉን አደራ በሚገባ ፈጽሜያለሁ። ከቀብር መልስ በሜቪስ ቤት ሻይ ሲጠጣ ቆሜ እንዳሰማልሽ የላክሽው ቃል ግን በዚያን ቀን አልተሰማም። ቄስ ዊልሞት ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አሁን ደግሞ ክሌመንትን ከልጅነቱ የምታውቀው ሂልዳ ከባሕር ማዶ የላከችውን ቃል ወንድሟ ኦስዋልድ ያሰማናል» ብሎ ሲጠራኝ፣ ወንድምሽ ኦስዋልድ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። የት እንደነበረ ልነግርሽ ነው። ተቀመጪ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ የያዘኝ አመል ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ልንገርሽ። ሌላው ሰው ሥዕል ሲሰጡት ሥዕሉን ያያል። የጥንት ሕትመት ሰብሳቢ ግን ተቀብሎ ጀርባውን ይገለብጣል። ከዚያ ዙሪያውን ያለውን ባዶ ኅዳግ ይመረምራል፤ ማንም ባለጌ ከክፈፍ ልክ አደርጋለሁ ብሎ በመቀስ እንዳልነካው። ከዚያ ዐይኑን ጨፍኖ፣ የመዳቡ ሰሌዳ ወረቀቱን ሲጫነው ትቶት የሄደውን ጠርዝ በጣቱ ጫፍ ይዳስሳል። ከዚያ ወደ መስኮት ወስዶ ብርሃን ላይ ይዘረጋውና የሳሳ፣ የተጠገነ፣ የተፋቀ ቦታ ይፈልጋል። ሥዕሉን የሚያየው በመጨረሻ ነው፤ ያውም ጊዜ ከተረፈው። አንድ አዲስ አባል በመጀመሪያ ቀኑ «እንዴት ደስ የሚል ድልድይ ነው» ብሎ ቢናገር፣ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ጫማችንን ስናይ ቆየን። ሰውዬው ሁለተኛ አልመጣም።

አሁን ይህን ሁሉ ጉድ ወዳመጣችው ጀልባ ልምጣ። በኛው ከተማ ይኖር የነበረ ሃርትሆል የሚባል ጥንታዊ ሠዓሊ መዳብ ላይ በመርፌ ጭሮ፣ በአሲድ አስበልቶ ያተማት «የብራክስተን ጀልባ» የምትባል ሕትመት አለች። መጀመሪያ ሲያትማት ወንዙ፣ ጀልባዋና ቀዛፊው ብቻ ነበሩ። ጥቂት ቅጂ እንዳወጣ ግን ያሠራው ባለርስት መጥቶ «ውሻዬ የታለ?» አለው። ሃርትሆልም መዳቡን አንሥቶ በጀልባዋ አፍንጫ ላይ ውሻ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ የታተመው ሁሉ ባለ ውሻ ነው። ስለዚህ ባለ ውሻው በየቤቱ አለ፤ የውሻ የለሹን ግን ስሙን የሰማ እንጂ መልኩን ያየ የለም። እኔ ያለኝ ባለ ውሻው ነው። ይሁን እንጂ ኅዳጉ ያልተነካ፣ ቀለሙ ትናንት የታተመ የሚመስል፣ ከባለ ውሾቹ ሁሉ አለቃ የሚባል ነው። ቤቴ እሳት ቢነሣ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ራሴን ነበር የማወጣው።

ክሌመንትም ከዓመታት በፊት ከአንድ የቄስ ቤት ጨረታ ባለ ውሻውን አግኝቶ ወደ ማኅበሩ ይዞት መጣ። ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል። እኔ ተቀበልኩት፤ ገለበጥኩት፤ መለስኩለት። «ወንድሜ ክሌመንት፣ ይሄንንማ ወተት አመላላሹም አለው» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ያለኝ እሱው መሆኑን ያነሣብኝ ሰው አልነበረም፤ ሊቀ መንበር የመሆን አንዱ ጥቅም ይሄ ነው። ክሌመንትም አብሮ ሳቀ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ውሻ የለሹን አገኘሁ ብሎ መጣ። ጀልባዋ አለች፣ ቀዛፊው አለ፣ የጀልባዋ አፍንጫ ባዶ ነው። አባላቱ ተነሥተው አጨበጨቡለት። «ያኛውስ፣ ባለ ውሻው የት ገባ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ሰሜን ላሉ ዘመዶቼ ሰጠሁት» አለ። ወደ መስኮት ልወስደው እጄን ስዘረጋ ደግሞ «ክፈፉ ታሽጓል፣ አይከፈትም» ብሎ ደረቱ ላይ አቀፈው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ፤ ውሻው ተፍቆ እንጂ ሰሜን አልሄደም። ከዚያን ቀን ወዲህ፣ እትዬ፣ ያቺ ጀልባ ጠረጴዛው ላይ በቀረበች ቁጥር አፏጫለሁ። ውሻ እንደሚጠራ ሰው ነው የማፏጨው። ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብዬ እፈልጋለሁ። «ወዴት ሄደ ይሄ ውሻ? ክሌመንት፣ ዛሬም ምሳውን አላበላኸውም እንዴ?» እላለሁ። ማኅበሩ በሳቅ ይንፈራፈራል። ክሌመንትም እጁን እያውለበለበ ይስቃል። ባለፈው የገና ስብሰባችን ላይ እንኳ አፏጭቻለሁ። ያን ጊዜ በሽታው ጀምሮት ኖሯል፤ አልነገረኝም። እኔም ከፉጨቴ ፋታ አግኝቼ አልጠየቅሁትም።

ወደ ቀብሩ ሻይ ልመለስ። ሜቪስ ጥቁር ለብሳ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ሳህን እያነሣች ሰው ታስተናግዳለች። የካም ሳንድዊች አለ፤ ክሬም የተቀባ ኬክ አለ። አጠገቧ የከተማችን ቤተ መዘክር ኃላፊ ሚስተር ፕሮዘሮ ሳንድዊቹን ለመግመጥ ተገቢውን የሐዘን ደቂቃ እየጠበቀ ቆሟል። በዚህ መሀል ሜቪስ ድምጿን ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ «ክሌመንት የሚወዳት ጀልባ ቤተ መዘክር ልትሰቀል ነው። ሚስተር ፕሮዘሮ ከመግቢያው አጠገብ ቦታ አዘጋጅቶላታል። ከሥሯም ስሙ ይጻፋል» አለች። ዐይኗ እንባ አቀረረ። ልጅ እንደሌላቸው ታውቂያለሽ። ክሌመንት ራጅ የሚባል ሰው በዚህች ከተማ እንደኖረ የሚናገር አንድ ነገር ከቀረ፣ ያቺው ስም የተጻፈባት ካርድ ናት። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

እዚህ ላይ ልብ ያለው ሰው ሻዩን ይጠጣል። እኔን ግን የሕዝብ ግድግዳን ከተፋቀ ሕትመት የመከላከል ታሪካዊ ግዴታ ተጫነኝ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባል የለ። ሳህኔን አስቀመጥኩ፤ ወደ መጸዳጃ የሚሄድ ሰው መሰልኩ፤ ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ጀልባዋን ከተሰቀለችበት አውርጄ ኮቴ ሥር ከተትኳትና ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ገባሁ። ያ ሁሉ ዓመት ታሽጓል የተባለው ክፈፍ ጀርባው በጥቃቅን ሚስማር ብቻ የተያዘ ነበር። በኬክ ቢላዋ ነቃቀልኩት። ቢላዋው ላይ ክሬም ነበረበት፤ ይህንንም ልደብቅሽ አልፈልግም። ከዚያ ወረቀቱን በሁለት እጄ ይዤ መስኮቱ ላይ ዘረጋሁት።

ብርሃኑ አለፈ። በጀልባዋ አፍንጫ ላይ፣ ወረቀቱ ተፍቆ ተፍቆ ከሽንኩርት ልጣጭ በሳሳበት ቦታ፣ ውሻው ተቀምጧል። ጆሮው አለ፣ ጅራቱ አለ። ክሌመንት የውሻውን ዙሪያ እየተከተለ ቀለሙን ሲፍቅ፣ መልኩን በብርሃን ስሎት ኖሯል። የተሰማኝን ደስታ ልነግርሽ እፈራለሁ። የሰውዬው አፈር ገና ሳይደርቅ እኔ በሚስቱ ማጠቢያ ላይ ተንጠልጥዬ «ያዝኩህ» አልኩ። በሐሳቤ ሳይሆን በድምፄ ነው ያልኩት።

«ማንን?» አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

ሜቪስ ናት። ቄሱ ያንቺን ቃል ለማሰማት ጠርቶ ሲያጣኝ፣ አሞኝ እንደሆነ ብላ እኔን ፍለጋ መጥታለች። ከኋላዋ ቄስ ዊልሞት አለ፤ ከቄሱ ኋላ ሚስተር ፕሮዘሮ ከነሳንድዊቹ አለ፤ ከሁሉ ኋላ ቲብስ አንገቱን እንደ ዳክዬ አስግጓል። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ወደ ታች አየሁ። የዚያ ክፍል ወለል ድንጋይ ነው።

ሜቪስ ወረቀቱን አየች፤ ቢላዋውን አየች፤ እኔን አየች። ረጋ ብላ፣ «እንግዲህ ኦስዋልድ፣ ይሄ ሁሉ ዓመት ስታፏጭለት የኖርከው ውሻ፣ አለ ወይስ የለም?» አለችኝ። ወረቀቱን ቶሎ ከብርሃኑ አወረድኩት። «የለም» አልኩ። «ኖሮም አያውቅም።»

«ሰማችሁ?» አለች ወደ ሰዎቹ ዞራ። «ሊቀ መንበሩ መሰከረ። በሉ ኬኩ ሳይደርቅ ግቡ።» ቲብስ «በኬክ ቢላዋ ነው እንዴ ዛሬ የሚመሰከረው?» እያለ ሌሎቹን ተከትሎ ሄደ። ሜቪስ በሩን ከኋላቸው ዘጋችና ማጠቢያውን ተደግፋ ቆመች።

«ጥሩ አድርገህ ዋሸህ» አለችኝ። «ከዚህ አፍህ ለክሌመንት ደግ ነገር ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።» በአገጯ ወደ ኩሽናው ጠረጴዛ እያሳየችኝ፣ «የፋቀው እዚያ ላይ ነው። እሑድ ቀን፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ። በድንች መላጫ ቢላዬ። ስመለስ ድንቹ አልተላጠም፣ ቢላዬ ዶልዱሟል፣ እሱ ራሱን ይዞ ተቀምጧል» አለች።

«ለምን?» አልኩ። ለምን እንደሆነ ግን ሳልጠይቅም ገብቶኝ ነበር።

«ወተት አመላላሹም አለው አልከው። ያን ዕለት ከጨረታው ሲመጣ በየመንገዱ እየቆመ፣ መጠቅለያውን እየገለጠ ሲያየው ነው የመጣው። ሥዕሉን ነው የሚያየው፣ ኦስዋልድ፤ እንደ እናንተ ጀርባውን አይደለም። ውሻውን ወዶት ነበር። 'አየሽው ሜቪስ፣ ጨዋ ውሻ ነው' ይለኝ ነበር። ከናንተ ስብሰባ ሲመለስ ግን ራቱን አልበላም።»

«እኔ እኮ ለቀልድ ነበር፤ እሱም ይስቅ ነበር» አልኳት።

«እዚያ ይስቅ ነበር» አለች ሜቪስ። «ቤት ሲገባ አይስቅም ነበር።»

እህቴ፣ ያን ሰው ውሸታም ነህ ማለቴ እውነት ነበር። ውሸታም ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ፤ አድርጌው ስጨርስም በየስብሰባው አፏጨሁበት። ሰው የሞተውን ሲያማ እንኳ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ሙቱን የወቀስኩት በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ኬኩ ቢላዋ ነው።

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጇን አነሣች። «እሱን አሁን አልፈልገውም። ፕሮዘሮ ዕውር አይደለም። ይቺን ወስዶ እንዳንተው መስኮት ላይ ይዘረጋታል። ያን ጊዜ ክሌመንት በገዛ ከተማው አጭበርባሪ ሆኖ ይቀራል። ያንተ ባለ ውሻው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አልኩ፤ ምን ልትል እንደፈለገች አልገባኝም፣ የልጄን ጤና የጠየቀችኝ ነው የመሰለኝ።

«ኅዳጉስ?»

«ኧረ አልተነካም።»

«እንግዲያው ሐሙስ ይዘኸው ና። ክሌመንት ባለ ውሻ እንደነበረው ማኅበርህ በሙሉ አይቷል። ሰሜን ካሉት ዘመዶች ተመለሰልኝ እላለሁ። ይቺን ደግሞ ልቤ ስላልቻለ ለራሴ አስቀራለሁ እላለሁ። የሚሰቀለው ያንተ ነው፤ ከሥሩ የሚጻፈው የሱ ስም ነው። አንተም ለማንም አትናገርም።»

«ሜቪስ፣» አልኩ፣ «እሱ እኮ…»

«ምን ሆነ?» አለች። «ወተት አመላላሹም አለው አይደል እንዴ?»

እስከ ሐሙስ እንዴት እንደከረምኩ ብነግርሽ ታፍሪብኛለሽ፤ ስለዚህ ልንገርሽ። መጀመሪያ ልታመም አሰብኩና ሳልኩ፤ ሳሉ አላምንም አለኝ። ቀጥዬ ደግሞ፣ ከለንደን ነጋዴ ዘንድ ኅዳጉ የተቆረጠ፣ የደበዘዘ፣ ማንም የማይፈልገው ባለ ውሻ ፈልጌ እሱን ብሰጣትስ አልኩ። መቼም ሴትዮዋ ኅዳግ አታውቅ። ከዚያ ግን ኅዳጉ ደህና መሆኑን አስቀድማ እንደጠየቀችኝ ትዝ አለኝ። ከሰብሳቢ ጋር ስትኖር ያልተማረችው ነገር የለም ማለት ነው። ይህን ተንኮል ማሰቤን የማውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አውርጄ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ጀርባውን አልገለበጥኩም፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። እንዲሁ ቁጭ ብዬ አየሁት። ብታምኚም ባታምኚም ቀዛፊው አንድ እግሩ ባዶ ነው፤ ጫማ የለውም። ይህን ያህል ዘመን አብሮኝ ሲኖር አላየሁትም። ውሻው ደግሞ ወንዙን ያያል ብዬ ነበር የማስበው። ወንዙን አይደለም፤ ዞሮ ቀዛፊውን ነው የሚያየው። በእውነት ጨዋ ውሻ ነው። ክሌመንት ይህን በመጀመሪያው ቀን፣ ገና መንገድ ላይ አይቶታል። ሊነግረን ሲመጣ እኔ ቀድሜ ገለበጥኩበት።

ሐሙስ ጠዋት በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ተሸከምኩትና ሄድኩ። ሜቪስ በሩን ከፈተች። በገዛ ፈቃዴ አስረከብኳት።

ሥዕሉ የተሰቀለው ከትናንት ወዲያ ሰኞ ነው። ከመግቢያው አጠገብ ነው፤ ዝናብ ያባረረው ሰው ሁሉ ሳይወድ የሚያየው ጥሩ ቦታ ነው። ከሥሩ ያለው ካርድ «ከክሌመንት ራጅ ስብስብ፤ ባለቤቱ ለከተማው ያበረከተችው» ይላል። ሚስተር ፕሮዘሮ ሲሰቅለው፣ «እንዴት ያለ ኅዳግ ነው፣ እንዴት ያለ ቀለም ነው። ራጅ ዐይን ነበረው። ከናንተ መሀል እንዲህ ያለውን የሚመርጥ ማን አለ?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ማንም» አልኩት። ቲብስ ጎኔን በክርኑ ጎሸም አድርጎ፣ «ካንተኛው ይበልጣል መሰለኝ» አለኝ። «ይበልጣል» አልኩ።

ቃልሽንም እዚያ አሰማሁት፤ ቀኑን አሳልፌም ቢሆን አንድ ቃል ሳልጨምር። አንቺ ብስክሌት ስትማሪ ክሌመንት ኮርቻውን ከኋላሽ ይዞ ይሮጥ እንደነበር፣ መቼ እንደለቀቀሽ ሳይነግርሽ ቀርቶ ዞር ስትይ ከሩቅ ቆሞ ሲያጨበጭብልሽ እንዳየሽው ተናገርኩ። ቄስ ዊልሞት መሐረቡን አወጣ። ሜቪስ እኔን ሳይሆን ሥዕሉን እያየች «አዎ፣ እንደዚያ ነበር» አለች። ለኔ ግን እስካሁን ከ«እንደምን አደርክ» በላይ አልሰጠችኝም። ቢበዛብኝ እንጂ አያንሰኝም።

ጉዱ እዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ሥዕሉ ከመሰቀሉ በፊት ባለፈው ቅዳሜ ቲብስ ቤቴ ሻይ ሊጠጣ መጥቶ ግድግዳዬ ላይ ባዶውን ቦታ አየ። «ባለ ውሻህ የት ሄደ?» አለኝ። «ሰሜን ላሉ ዘመዶቼ ሰጠሁት» አልኩት። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሰሜን ዘመድ ያበቀልከው?» አለና ብስኩቱን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝ። በችግር ሸጬ የደበቅኩ መስሎታል፤ ወሬውንም ከቤቴ ደጃፍ ጀምሮ ነዝቶታል። ትናንት ስለ ብስኩቱ ጉባኤውን ልከፍት ደወሉን ሳነሣ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ቲብስ አፏጨ። ውሻ እንደሚጠራ ነው ያፏጨው። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ወንበሬ ሥር ፈለገ። ማኅበሩ በሳቅ ተንፈራፈረ። እኔም ሳቅሁ፤ እጄንም አውለበለብኩላቸው። ከአዳራሹ ወጥቼ እስከ መንገዱ ማዕዘን ድረስ ሳቅሁ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ከሰጠሽኝ አደራ ግማሹን በሰዓቱ አላደረስኩምና ይቅር በይኝ። ይቅር ማለት ካቃተሽም ተቆጪኝ፤ በልጅነታችን እንደምታደርጊው ዝም ብቻ እንዳትይኝ። ደብዳቤውን አንብበሽ ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ክተቺው፤ ለሜቪስ ቃል ገብቻለሁ፤ አንቺ እንደ ራሴ ስለሆንሽ «ለማንም» የሚለው ውስጥ አልቆጠርኩሽም።

ለኬኔት ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ሳሉ ካልለቀቀው ማርና ሎሚ ይጠጣ እንጂ ፍራሽ ሥር የሚያስቀምጠውን ጠርሙስ አያዘውትር። ለእናቱ ከአክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ፤ ሬዲዮኑን ስትሰድብ የኔንም ድርሻ ትጨምርልኝ። ጄፍሪን ትከሻውን መታ አድርጊልኝ። ቤሪልን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የላከችልኝን የሱፍ ካልሲ በቀብሩ ቀን አድርጌው ነበር፣ ከእግሬ በላይ ባለው አካሌ ላይ ለተፈጸመው ነውር ካልሲው ተጠያቂ አይደለም። ለዶሮዎችሽም በያሉበት ሰላም በይልኝ።

ያሳፈረሽ ግን የሚወድሽ ወንድምሽ፣
ኦስዋልድ

ብራክስተን፣ ሽሮፕሺር
ማርች 19 ቀን 1958

እርማት፦ ከላይ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «በገዛ ፈቃዴ አስረከብኳት» ተብሎ የሠፈረው ቃል ትክክል ሆኖ ባለመገኘቱ፣ በሚከተለው ተተክቶ እንዲነበብ በትሕትና አሳስባለሁ፤ «ሜቪስ ክፈፉን በአንደኛው ጫፍ ይዛ ሳበች። እኔ በሌላኛው ጫፍ ይዤ ደጃፏ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እሷ ጥቁር እንደለበሰች፣ እኔ ብርድ ልብስ በክንዴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሁለታችንም ተጓተትን። የጎረቤት መስኮት ሲከፈት ለቀቅኩ።»